የልቅሶ ቤት ባለቅኔዎች፤ ስለ ወሎ ሴቶች ግጥምና ስለ ባለቤትነቱ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንዲት ጥያቄ አንሥቶ መመርመር ነው። ጥያቄዋም የሴት ግጥም ከነባለቤቷ ስም ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው በምን ምክንያት ነው? የምትል ናት። ከ1000 ዓመት በፊት በጃፓን ቤተ መንግሥት የነበሩ ሴቶች የገጠሙት ግጥም፣ የገጠመችው ማን እንደ ሆነችና ለማን እንደ ላከችው ጭምር ተጽፎ ዛሬ ይነበባል። በእኛ በኩል ደግሞ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከኩታበር እስከ ሐይቅ ባለው አገር በልቅሶ ላይ የወረደ ሙሾ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይሰማል፤ ሙሾውን መጀመሪያ ያወረደችው ሴት ማን ናት ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ «አልቃሽ ናታ!» የሚል ነው።

ለዚህ ልዩነት ሰው ሁሉ ቶሎ የሚሰጠው ምክንያት «እነርሱ ጻፉት፤ የእኛዎቹ ግን በቃል ብቻ አሉት» የሚል ነው። ይህ አባባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ወሎ ውስጥ ይገኛል። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የጃፓን ቤተ መንግሥት ሴቶች

በጃፓን ታሪክ የሄያን ዘመን የሚባለው ከ794 እስከ 1185 ያለው ነው። ዋና ከተማውም ዛሬ ኪዮቶ የምትባለው ነበረች። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራና የሊቃውንት ትምህርት በቻይና ጽሕፈት ይካሄድ ነበር፤ በእኛ አገር ግእዝ የመጻሕፍትና የሊቃውንት ቋንቋ ሆኖ እንደ ኖረ ማለት ነው። የቻይና ትምህርት የወንዶች ሀብት ነው ተብሎ ስለ ተቈጠረ፣ ሴት ልጅ በግልጽ ብትማረው ያስነቅፋት ነበር። ሴቶቹ ግን ካና የሚባለውን፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን እንደ ድምፁ የሚጽፈውን ፊደል ያዙ። ፊደሉም «የሴት እጅ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ስሙ ንቀት ያለበት ቢመስልም ጥቅሙ ትልቅ ሆነ፤ ሴቶቹ በልባቸው ያለውን ነገር ሳይተረጕሙ በገዛ ቋንቋቸው ሊጽፉት ቻሉ።

ግጥማቸው አጭር ነው። 5፣ 7፣ 5፣ 7፣ 7 እየሆነ በጠቅላላው 31 ቀለም ይይዛል። የሚያገለግለውም ለግብዣ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ወዳጅ ለወዳጁ ሲልክ፣ ሐዘንተኛ ሲጽናና፣ ፍቅረኞች ሲለያዩ በግጥም ይነጋገሩ ነበር። ግጥም የተላከለት ሰው በግጥም መመለስ አለበት፤ መልሱ ቢዘገይ ወይም ቢከፋ ነውር ነው። ስለዚህ ለቤተ መንግሥት ሴት ግጥም እንደ ሰላምታ የዕለት ተዕለት ነገር ነበረ።

ከነዚህ ሴቶች መካከል እጅግ የታወቀችው «የገንጂ ታሪክ» የተባለውን ረጅም ልብ ወለድ የደረሰችው ሙራሳኪ ሺኪቡ ናት። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወደ 800 የሚጠጉ ግጥሞች ይገኛሉ። ሙራሳኪ በማስታወሻዋ እንደ ገለጸችው፣ አባቷ ለወንድሟ የቻይናን ትምህርት ሲያስተምር እርሷ አጠገባቸው ሆና እየሰማች ከወንድሟ ቀድማ ትረዳው ስለ ነበረ፣ አባቷ ወንድ ሆና ባለመወለዷ ያዝን ነበር። በዚያው ዘመን ሴይ ሾናጎንና ኢዙሚ ሺኪቡ የተባሉ ሌሎች ባለቅኔዎችም ነበሩ። ከነርሱ በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት ኦኖ ኖ ኮማቺ ነበረች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ905 ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ዳይጎ የአገሩ ግጥም ተሰብስቦ እንዲጻፍ አዘዘ። ኪ ኖ ጹራዩኪና ጓደኞቹ በ20 ክፍል የተመደበ፣ ወደ 1100 ግጥም ያለበት መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ስሙም ኮኪንሹ ይባላል። ሰብሳቢዎቹ ግጥሙን ብቻ አልጻፉም። ከግጥሙ አጠገብ የባለቤቱን ስም፣ አስፈላጊም በሆነ ጊዜ በምን ምክንያት እንደ ተገጠመ ጻፉ። ባለቤቱ በጠፋ ጊዜም ዝም ብለው አላለፉትም፤ «ገጣሚው አይታወቅም» ብለው አስቀመጡ። ከ10 ግጥም ወደ 4 የሚጠጋው እንዲህ ያለ ነው። በዚህ ዓይነት የኦኖ ኖ ኮማቺ 18 ግጥሞች በስሟ ተጻፉ፤ በመቅድሙም ስማቸው ከተነሣው 6 ባለቅኔዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት እርሷ ናት። በ13ኛው መቶ ዓመት ፉጂዋራ ኖ ቴይካ ከ100 ባለቅኔዎች አንዳንድ ግጥም መርጦ ባዘጋጀው መጽሐፍ ደግሞ 21ዱ ሴቶች ናቸው።

እርግጥ ነው፣ የነዚህም ሴቶች ስም ሙሉ አይደለም። «ሺኪቡ» የሙራሳኪ አባት የነበረበት መሥሪያ ቤት ስም ነው፤ «ሾናጎን»ም የሹመት ስም ነው። አንዲቱ ታላቅ ጸሐፊ እስከ ዛሬ የምትጠራው «የሚቺጹና እናት» ተብላ ነው፤ ሌላይቱም «የታካሱዬ ልጅ» ናት። «የእገሌ እናት» እየተባሉ የሚጠሩ እናቶችን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ግማሽ ስም እንኳ የአንዲቱን ሴት ግጥም ከሌላይቱ ለመለየት በቅቷል።

ለ. በአገራችን ቤተ መንግሥት

በአማርኛ ከተጻፉት ግጥሞች ሁሉ ጥንታዊ የሆኑት ለዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314—1344) እና ከእርሳቸው በኋላ ለነገሡ ነገሥታት የተዘፈኑት የውዳሴ ግጥሞች ናቸው። ኢግናሲዮ ጒዲ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ በ1889 አሳትሟቸዋል። በነዚህ ግጥሞች የሚታወቀው የተመሰገነው ንጉሥ እንጂ ያመሰገነው ሰው አይደለም።

በኋለኛው ዘመን የተጻፉ ዜና መዋዕሎችና የታሪክ መጻሕፍት በየመካከሉ የሕዝብ ግጥም ይጠቅሳሉ። አንድ መኰንን በጦርነት ሲወድቅ ወይም አንድ ልዑል ሲሞት «አልቃሽም እንዲህ አለች» ብለው ሁለት ወይም አራት ስንኝ ያስገባሉ። ጸሐፊዎቹ ይህን ማድረጋቸው ግጥሙን ምን ያህል እንዳከበሩት ያሳያል። የሟቹ የትውልድ ሐረግ፣ የፈረሱ ስም፣ የወደቀበት ቦታ ሁሉ ተጽፏል፤ ያለቀሰችለት ግን «አልቃሽ» ከመባል አላለፈችም።

የወሎ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። በ19ኛው መቶ ዓመት ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት የወሎን አገር ተፎካክረው የገዙ ሴቶች ነበሩ። በ1865 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲሻገሩ ወርቂት መንገድ ስለ ሰጧቸው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በቍጣ በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ አስገደሉ። እንግዲህ ሴቶች አገር ይገዙ በነበረበት፣ የገዢይቱም ልጅ በግፍ በሞተበት በዚህ አገር፣ ሐዘኑን በግጥም የሚናገሩ ሴቶች ምን ያህል እንደ ተፈለጉ ማሰብ አያዳግትም። በሚያዝያ 1868 መቅደላ በተያዘች ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ብዙ የብራና መጻሕፍት ጭኖ ሄደ፤ ከ300 የሚበልጡትም በለንደን ይገኛሉ። መጽሐፍ ቢዘረፍ እንኳ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ሊጠየቅና ሊመለስም ይችላል። በቃል የቀረ ግጥም ግን የሚያውቀው ሰው በሞተ ጊዜ አብሮ ይቀበራል።

እዚህ ላይ ከላይ የተጠቀሰው ግማሽ እውነት ጐልቶ ይታያል፤ ያልተጻፈ ይጠፋል። ነገር ግን ያልተጻፈ ሁሉ ስም የለውምን? ይህን ለመመለስ በወሎ ያሉትን የግጥም ቤቶች እንመልከት።

ሐ. ሦስት የግጥም ቤቶች

በወሎ ግጥም የሚኖርባቸው ሦስት ቤቶች አሉ ብሎ መናገር ይቻላል፤ የቅኔ ቤት፣ የመንዙማ ቤትና የልቅሶ ቤት ናቸው።

የመጀመሪያው የቅኔ ቤት ነው። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በአገራችን ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። ቅኔ በግእዝ ይዘረፋል፤ የሚዘረፈውም በቃል እንጂ በወረቀት አይደለም። ዳሩ ግን መምህሩ የጥንት ቅኔ ሲነግር «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ ባለቤቱን ይጠራል፤ ተማሪውም ቅኔውን ሲቀጽል ከነስሙ ይቀጽላል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ ያፍራል። እንግዲህ ቅኔ በቃል የሚኖር ሆኖ ሳለ የባለቤቱ ስም አልጠፋም።

ሁለተኛው የመንዙማ ቤት ነው። በጀማ ንጉሥና በሌሎቹ የወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች መሻይኾች በዐረብኛና በአማርኛ መንዙማ ደርሰዋል። የአማርኛውን ቃል በዐረብ ፊደል የጻፉም አሉ፤ ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር በዚህ ይታወቃሉ። ይህ ሥራ የጃፓን ሴቶች ካናን ይዘው ካደረጉት ጋር ይመሳሰላል፤ የሊቃውንቱን ቋንቋ ለማያውቅ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው መጻፍ ነውና። መንዙማውን በቃሉ ብቻ የያዘው ሰው እንኳ የየትኛው ሼኽ እንደ ሆነ ተጠይቆ ስሙን ከነማዕረጉ ይናገራል።

ሦስተኛው የልቅሶ ቤት ነው። ይህ ቤት የሴቶች ነው። ከእርሱ ጋር የወፍጮ እንጕርጕሮ፣ የእሽሩሩ ዜማ፣ ዱበርቲ የሚባሉት ሙስሊም እናቶች ቡና አፍልተው በዱዓ ላይ የሚያዜሙት ልመና አንድ ወገን ናቸው። የዚህ ቤት ግጥም እንደ ቅኔው በቃል ይኖራል፤ ባለቤት ግን የለውም።

ከዚህ የምንረዳው ስምን የሚያጠፋው በቃል መኖሩ ብቻ አለመሆኑን ነው። የቅኔ ቤትና የመንዙማ ቤት «የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የልቅሶ ቤት አይጠይቅም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑን በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። እማሆይ ገላነሽ የቅኔ መምህር ከነበሩት ከአባታቸው ተምረው እርሳቸውም ወንበር ዘርግተው ብዙ ተማሪዎች አፍርተዋል። ሴት ሆነው ስማቸው የተጠራው ስም በሚጠየቅበት ቤት ውስጥ ስለ ገቡ ነው። እቴጌ ጣይቱም ግእዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ግጥምም የሚገጥሙ እንደ ነበሩ የሚታወቀው እቴጌ ስለ ሆኑ ነው። በኋላም የሕትመት ዘመን ሲመጣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ድርሰታቸውን አሳትመዋል፤ ማተሚያ ቤት የደራሲ ስም በሽፋን ላይ ማኖሩ የታወቀ ነውና። ቅኔ ቤት ያልገባች፣ እቴጌ ያልሆነች፣ ማተሚያ ቤት ያልደረሰች የኩታበር ወይም የቃሉ ሴት ግን የት ትጻፍ?

መ. ሙሾ እንዴት ይወርዳል

ይህ ግጥም ተራ ጩኸት አለመሆኑን ለማስረዳት አሠራሩን በአጭሩ መግለጽ ይገባል። ሙሾ አውራጇ ወይም አስለቃሿ ወደ ልቅሶው ስትጠራ አስቀድማ ስለ ሟቹ ትጠይቃለች። የማን ዘር ነው? ሥራው ምን ነበረ? ምን ያህል ልጅ ተወ? ከማን ተጣልቶ፣ ከማን ታርቆ ነበር? እንግዳ መቀበል ያውቅ ነበርን? ይህን ሁሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰብስባ በስንኝ ታሰናዳዋለች። ከዚያም ስታወርድ ሕዝቡ ይቀበላታል፤ ደረት እየተመታ ዜማው ይደገማል። እርሱ ሲደገም እርሷ የሚቀጥለውን ስንኝ ታስባለች።

ብዙው ሙሾ የወል ቤት ነው፤ አንዱ ስንኝ 6 እና 6 ሆኖ በ12 ቀለም ይሄዳል። 5 እና 5 ሆኖ የሚሄደው ሰንጎ መገንም አለ። መጀመሪያው ስንኝ አንዳንድ ጊዜ ቤት ለመምታት ብቻ የመጣ ይመስላል፤ ሁለተኛው ሲደርስ ግን ልብን ይወጋል። ኅብር ቃል ከገባበት ደግሞ ሰምና ወርቅ አለው። በሰሙ ሟቹ ይለቀስለታል፤ በወርቁ የካደው ወንድም፣ የበደለው ዳኛ፣ ወይም በችግሩ ጊዜ ያልደረሰለት ጎረቤት ይወቀሳል። በሌላ ቦታ ቢነገር የሚያስከስስ ቃል በልቅሶ ላይ ሲነገር ይታለፋል፤ ሐዘንተኛን አይቆጡምና። በዚህ ረገድ አልቃሿ የአገሩ ምስክር ናት ማለት ይቻላል።

በወሎ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ክርስቲያንና ሙስሊም በጋብቻና በዘመድ የተሳሰረ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ልቅሶ ይደርሳል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ ተናጋሪው በባቲ ሰኞ ገበያ ይገናኛል። ስለዚህ የወሎ አልቃሽ ተዝካሩንም ሰደቃውንም የምታውቅ፣ ከአንዱ ቤት የሰማችውን ቃል በሌላው ቤት ዜማ የምታስማማ ናት።

ሠ. ስሟ ስለ ምን ጠፋ

የልቅሶ ቤት ስለ ባለቤት የማይጠይቀው በሦስት ምክንያት ይመስላል።

አንደኛ፣ በልቅሶ ላይ ሊጠራ የሚገባው የሟቹ ስም ነው። አልቃሿ ስሟን ብታስገባ የሐዘንተኛውን ቤት ቀን የቀማች ይመስልባታል። ሙሾው ከአፏ በወጣ ጊዜ የሟቹ ቤተ ሰብ ሀብት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ክፍያ መቀበሏ አስንቋታል። በእህልም ሆነ በገንዘብ የምታለቅስ ሴት «የሐሰት እንባ» የምታፈስስ ተብላ ትታማለች። ቅኔ ለሚያስተምር መምህር ቀለብ መስጠት ክብር ሲሆን፣ ለአልቃሽ ዋጋ መስጠት መተዛዘብ ሆኗል።

ሦስተኛ፣ ሃይማኖት ከልክ ያለፈ ልቅሶን ይከለክላል። ካህናቱም መሻይኾቹም ደረት መምታትንና ፊት መንጨትን ሲያወግዙ ኖረዋል። ለምክራቸው በቂ ምክንያት አላቸው፤ ሐዘንተኛው ሰውነቱን እንዳይጐዳ ነው። ነገር ግን ደረት መምታቱ ሲቀር ግጥሙም አብሮ ቀርቷል። በከተማም የዕድር ሥርዓት የልቅሶውን ጊዜ ስላሳጠረው የአስለቃሿ ሥራ እየቀነሰ ሄዷል።

የጃፓን ቤተ መንግሥት ሴት ግጥሟን ለአንድ ለታወቀ ሰው በእጅ ጽሕፈቷ ትልክ ነበር፤ መልስም ስለሚጠበቅ ስሟ ከግጥሙ ጋር ይሄዳል። የእኛዋ አልቃሽ ግን ግጥሟን ለማይመልስ ሰው፣ ለሟች፣ ትልካለች። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ይነሣል ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ረ. የተማሪዎች ድርሻ

ጹራዩኪና ጓደኞቹ ያደረጉትን ለማድረግ የንጉሥ ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም። በደሴና በኮምቦልቻ የምንማር ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን አፍ ልንሰበስብ እንችላለን። ፈቃደ አዘዘ ከሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ስለ ረኃብ የሰበሰቡት የቃል ግጥም ጥናት በ1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ መውጣቱ ሥራው የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። ሰብሳቢው ግን ከግጥሙ ጋር ቢያንስ ቀጥሎ ያለውን መጻፍ አለበት።

1. ግጥሙን ያወረደችው ሴት ስም፣ በሰፈሯ የምትጠራበት ስም ጭምር። ስሜ አይጻፍ ካለች ፈቃዷ ይጠበቅ።

2. ሙሾው የወረደበት ወረዳና ቀበሌ፣ ዓመቱም።

3. ለማን እንደ ወረደ፤ ይኸውም ወጣት ነው ወይስ ሽማግሌ፣ በሕመም ነው ወይስ በድንገት የሞተው የሚለው።

4. ከስንኙ ውስጥ ከቀድሞ አልቃሾች የወረሰችው የትኛው እንደ ሆነና እርሷ በዚያን ቀን የጨመረችው የትኛው እንደ ሆነ። ይህን አልቃሾች ራሳቸው ለይተው ያውቁታል።

5. ሰምና ወርቅ ካለው የገጣሚዋ የራሷ ፍች። ሰብሳቢው የራሱን ፍች ለብቻው ይጻፍ።

6. ስሟ ካልተገኘ «ገጣሚዋ አትታወቅም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። «የሕዝብ ግጥም» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሕዝብ በአንድ ጊዜ አንድ ስንኝ አይገጥምም፤ አንዲት ሴት ጀምራዋለችና።

ከሁሉም በላይ ጊዜ መምረጥ ያስፈልጋል። በልቅሶው ቀን ወረቀትና መቅረጫ ይዞ መቆም የሐዘንተኛውን ቤት መድፈር ነው። ከ40 ቀን በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ በሰላም ሲወራ መጠየቅ ይሻላል።

ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ሲጽፍ ኖሯል። በ2021 በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍም ምን እንደ ጠፋ ለመናገር የሚያስችለው ቀድሞ የተጻፈ መዝገብ ነው። የልቅሶ ቤት ግን እስከ ዛሬ መዝገብ የለውም። መዝገቡን መክፈት ትልቅ ገንዘብና ትልቅ ማዕረግ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የቅኔ ቤት ሁልጊዜ የሚጠይቀውን «የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ልቅሶ ቤት ማሻገር ብቻ ነው። ጥያቄውም መጠየቅ ያለበት የሚመልሱት እናቶች በሕይወት ሳሉ ነው።